ስፖርት ስሩ አትበሉን፣ ኑ እንጫወት በሉን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሃዋሳ ነው ምኖረው፣ ዕድሜዬ 51 ነው፣ ስራዬ ሒሳብ ክፍል፣ ይሄን ምነግራችሁ ቀኑን ሙሉ የት እንደምውል እንዲገባችሁ ነው፣ ወንበር ላይ ነው ምውለው። ባለፈው ሰሞን የጤና አምዳችሁ ላይ ስለማይንቀሳቀሱ ሰዎች የወጣውን ጽሁፍ አንብቤ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት። ጽሁፉ ውሸት የለበትም፣ ግን አነጋገሩ እንደ ቁጡ አስተማሪ ነው፣ ስንፍናን አስወግዱ ይላል፣ በቀን 30 ደቂቃ በፍጥነት ተራመዱ ይላል፣ ከጎኑ ደሞ ትሬድሚል ላይ ምትሮጥ ቀጭን ልጅ ፎቶ አለች፣ ላብ እንኳን አልወጣትም። እኔ ያንን ፎቶ አይቼ ምን እንዳረኩ ልንገራችሁ? ጋዜጣውን አጥፌ ሁለተኛ ቡና ቀዳሁ።

እስቲ ስለራሴ ላውራ፣ ጽሁፉ የሚያወራው ስለኔ ስለሆነ። ጠዋት ከግቢዬ በር እስከ ባጃጅ 40 እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ የሒሳብ ሰው አይደለሁ። ባጃጁ ቢሮው በር ላይ ያወርደኛል፣ ከዛ ወንበር፣ ምሳ እዛው ወንበር ላይ፣ ማታ ባጃጅ፣ ሶፋ፣ ድራማ፣ እንቅልፍ። ሃዋሳ እኮ ሜዳ ነች፣ ታቦር ላይ ካልወጣህ ዳገት አታገኝም፣ ልጅ ሆነን ሳይክል በሰዓት እየተከራየን ከፒያሳ እስከ ሀይቅ ዳር ስንነዳ ነበር ምንውለው፣ አሁን ያችኑ መንገድ ለመሄድ ባጃጅ እጠብቃለሁ፣ የሰፈራችን ባጃጆች ደሞ እጄን ሳላነሳ ነው ሚቆሙልኝ። አሞራ ገደል አሳ ልትበሉ የመጣችሁ ሁሉ አባ ኮዳን ታውቁታላችሁ፣ ያ ትልቁ አሞራ፣ የአሳ ትርፍራፊ እስኪወረወርለት አንገቱን ቀብሮ ዝም ብሎ ሚውለው፣ እኔም እንደሱ ነበርኩ፣ እሱ እንኳን ቆሞ ነው ሚውለው።

የዛሬ ሁለት አመት አካባቢ ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው ተባልኩ። ሀኪሙ እንቅስቃሴ አድርጊ አለኝና ቀጣዩን ሰው አስጠራ። ምን አይነት እንቅስቃሴ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ እሱን ሚነግርህ የለም። ጂም ተመዘገብኩ፣ የሶስት ወር ከፈልኩ፣ የሄድኩት አምስት ቀን ነው። አራቱም ግድግዳ መስታወት፣ ሙዚቃው ልብ ያቆማል፣ ልጆቹ ብረት ያነሱና ክንዳቸውን ያያሉ፣ አሰልጣኙ "ማዘር ቀስ ይበሉ" ሲለኝ እኔ ገና አልጀመርኩም ነበር። ጂሙን ትቼ ሀይቅ ዳር ብቻዬን ልራመድ አልኩ፣ እሱም ሁለት ቀን ነው የቆየው፣ ምክንያቱም ሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እየቆመ "ምን ሆነሽ ነው በእግርሽ? ደህና ነሽ? ሰው ሞተ እንዴ?" ይላል። እኛ ሀገር 50 ያለፋት ሴት ያለምክንያት በፍጥነት ከተራመደች የሆነ ነገር ደርሶባታል ማለት ነው። ሳቅ ነው እንጂ ምን ይባላል፣ ግን ሶስተኛውን ቀን አልወጣሁም።

ስለዚ ስንፍና ነው ስትሉ ይከነክነኛል። ስንፍና ቢሆንማ ሶስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ፣ ለ60 ሰው ዶሮ ሰርቼ፣ የድግስ ድስት አንስቼ አላውቅም ነበር። ያልቻልኩት ብቻዬን፣ በመስታወት ፊት፣ ሰው እያየኝ፣ ምንም ሳይጣፍጠኝ መንቀሳቀስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ላይ ያሉ ሴት ልጆች ሱዚ ሊጫወቱ አንድ ሰው ጎደላቸው፣ የጎረቤቴ ልጅ እየተቅለሰለሰች መጥታ "እትዬ፣ ሱዚውን ብቻ ያዢልን፣ ምንም አትሰሪም፣ ቁሚ ብቻ" አለችኝ። ቁሚ ብቻ የሚባል ነገር ይመቸኛል፣ ወጣሁ። ላስቲኩን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አድርጌ እንደ ምሰሶ ቆምኩ። እነሱ ይዘላሉ፣ እኔ አያለሁ፣ እና ቀስ በቀስ ንዴት ጀመረኝ፣ ምክንያቱም አዘላለላቸው ልክ አልነበረም። እኛ ስንዘል ላስቲኩን በአንድ እግር ጠልፈን ነበር ወደ ሌላኛው ምንሻገረው፣ እነሱ ዝም ብለው እንደ ፍየል ይነጥራሉ። "እንደዛ አደለም ባካችሁ" አልኩና ወንበር አምጥቼ ላስቲኩን በወንበሩ እግር አስያዝኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ዘለልኩ። 40 አመት ሆኖኛል እኮ! እግሬ ግን አልረሳም፣ የሚገርመው እሱ ነው፣ ጭንቅላቴ ተራውን ሲረሳ እግሬ ያስታውሰዋል። ጉልበት ላይ ሲደርስ ጠለፈኝ፣ ልጆቹ ጮሁ፣ በየበሩ ያሉት ሴቶች ወጡ፣ አንዷማ ስንት አመት በእድር ስብሰባ ላይ አንገቷን ደፍታ ምትቀመጥ ሴት "ተነሺ እስቲ፣ አንቺ ድሮም ሱዚ አትችዪም ነበር ማለት ነው" ብላ ጫማዋን አወለቀች። እስኪመሽ ተጫወትን። ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ቀሚሴ በላብ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፣ ያኔ ነው እንዴ ስፖርት ሰራሁ እኮ ያልኩት። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን የተንበረከክሁት በደጋፊ ነው፣ እሱም ይነገር።

ከዛ ቅዳሜ ወዲህ አልቆመም። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ የሀይቁ ንፋስ ሲጀምር፣ የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ነው። ከግንባታ የተረፈ ረጅም ናይለን ገመድ አለን፣ ሁለት ሰው ያዞራል ሌላው ይገባል ይወጣል። ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ይሰመራል፣ ኮብልስቶን ላይ መስመሩ ይንጋደዳል ግን ይሰራል። አባሮሽ አለ፣ መሀረቤን ያያችሁ አለ፣ ይሄኛው ለኛ እድሜ ነው የተሰራው፣ ክብ ተቀምጠህ ታርፋለህ፣ መሀረቡ ከኋላህ ሲጣል ግን ተነስቶ መሮጥ ነው፣ ተቀምጦ መነሳት ለጭን ጡንቻ ምን እንደሚያደርግ ሰኞ ቢሮ ደረጃ ስትወጡ ታውቁታላችሁ። ገመድ ጉተታ ከላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ተባብለን ነው፣ ድብብቆሽ ደሞ ሚመጣው ሲመሽ ነው። ብይ አንድ ሁለቴ ሞከርን፣ ጨዋታው ጥሩ ነው ግን እንቅስቃሴ አይባልም፣ ጭቅጭቅ ነው ሚበዛው።

ሚመጣው ሰው ነው ሚገርመኝ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ጋሼ አሉ፣ ጉልበታቸው አይዘልም፣ ስለዚ ገመዱን ሚያዞሩት እሳቸው ናቸው፣ ገመድ ማዞር እንደቀላል እንዳታዩት፣ ሩብ ሰዓት ስታዞሩ ክንዳችሁ ይነግራችኋል። እኛ ግቢ ተከራይታ ምትኖር ልጅ አለች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው ምትሰራው፣ ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ማሽን ላይ ተጎንብሳ ትውላለች፣ መጀመሪያ ደክሞኛል ብላ በመስኮት ነበር ምታየን፣ አሁን ገመድ ውስጥ እሷን ሚያስወጣ የለም፣ ፈረቃዋ ቅዳሜ ከሰዓት ሲውል ሰፈሩ ያዝናል። አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅም አለ፣ መጀመሪያ መንገድ ዘጋችሁ ብሎ ክላክስ ሲያምባርቅብን የነበረው እሱ ነው፣ ስለሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የእህቴ ልጅ ስፖርት ሳይንስ ነው ሚማረው፣ እሱ ሲመጣ እየሳቀ ያየንና እየቆየ ቁም ነገር ይነግረናል። ከነገረኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ወይ ደሞ ጠንካራ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ፣ ድሮ ግን ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር፣ ያ ቀረ፣ አሁን ሁሉም ደቂቃ ይቆጠራል። ገባችሁ? ሱዚ ላይ አንድ ደቂቃ ዘለህ ሁለት ደቂቃ ተራህን እየጠበቅህ ሌላውን ብትሳደብ ያችም አንድ ደቂቃ ትደመራለች። ገመድ ዝላይ ደሞ ከጠንካራው ወገን ነው፣ አንዱ ደቂቃ እንደ ሁለት ነው ሚታሰበው፣ ለሒሳብ ሰው ይሄ ትልቅ ትርፍ ነው። መካከለኛ ላይ መድረስህን በምን ታውቃለህ ስለው፣ ማውራት እየቻልሽ መዝፈን ካቃተሽ እዛ ላይ ነሽ አለኝ። የኛ ሰፈር ሴቶች ማውራት ማይችሉበት ደረጃ ላይ ደርሰው አያውቁም፣ ግን መዝፈኑ እንዳቃታቸው ቅዳሜ በጆሮዬ አረጋግጫለሁ።

ስኳሩንም ጠየቅሁት። ጡንቻ ሲሰራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፣ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ጭምር ይወስዳል፣ ስለዚ ምግብ ከተበላ በኋላ ትንሽ መንቀሳቀስ ብዙ ይረዳል አለኝ። እኔ ደሞ ከምግብ በኋላ ማቀው ጋደም ማለት ነበር።

አንድ የድሮ ጥናትም አወራልን፣ በ1953 እ.ኤ.አ ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሀኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቢስ ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አወዳድሮ ነበር። አውቶቢሱ አንድ፣ ሰፈሩ አንድ፣ ግን ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፣ ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ነው፣ የልብ በሽታው ሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ባጃጅ ነጂው ልጅ ገመዱን ይዞ ይሄን ሲሰማ "እኔ ሾፌርም ረዳትም ነኝ፣ የትኛው ነው ሚደርሰኝ?" አለ። ሳቅን፣ ግን ልጁ የምር ነበር የጠየቀው፣ በቀን 12 ሰዓት ነው ሚቀመጠው፣ ወገቡንም ያመዋል። ጨዋታ ውስጥ የገባው ከዛ ቀን በኋላ ይመስለኛል።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ ከአዋቂው ሰው 31 ፐርሰንቱ፣ ወደ 1.8 ቢሊዮን ሰው፣ የሚበቃውን ያህል አይንቀሳቀስም ተብሏል፣ ወንዶች 29 ሴቶች 34። ሴቶች ለምን በለጥን? የሌላውን ሀገር እነሱ ያውቃሉ፣ የኛን ግን ልንገራችሁ። ወንዶቹ እሁድ ጠዋት ጤና ቡድን አላቸው፣ ሆዳቸው ቀድሞ ኳሷ ጋር ቢደርስም ይጫወታሉ፣ ከጨዋታው በኋላ ሚበሉት ጥብስ ሌላ ጉዳይ ሆኖ። እኛስ? ቡናው ተቀምጦ፣ እቁቡ ተቀምጦ፣ ማህበሩ ተቀምጦ፣ ለቅሶው ተቀምጦ፣ ሰርጉም አሁን አሁን አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ሆኗል። ስንገናኝ ሁሌ ቁጭ ብለን ነው። ሴት ቆማ ምትታየው ስራ ላይ ብቻ ነው፣ ለደስታዋ ብላ ስትሮጥ ያያት ሰው ግን ትንሽ ነካ አድርጓታል ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ከስኳሩም ከደም ግፊቱም በፊት መታከም ያለበት ይሄ ነው።

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። ገና ሲመጣ አዋቂ ሰው ዱላ ይዞ ሩር እያሳደደ ሜዳ ላይ ይሮጥ ነበር፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ ጌታውም ሎሌውም አንድ ሜዳ ላይ ነው፣ ቅልጥሙን የተመታ ጌታ እያነከሰ ይስቃል እንጂ አይከስም። እዚሁ ሃዋሳ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጉዱማሌ ሜዳ ሄዳችሁ ቄጣላን፣ የሲዳማን ባህላዊ ጭፈራ እዩ፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው ሚጀምሩት፣ የ70 አመት አባት በዱላው መሬት እየመታ እየዘለለ ሲመጣ ማን ነው ነውር ነው ሚለው? ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ የመዘገበው በዓል ነው። እና አዋቂ ሰው እንዲጫወት የተፈቀደበት ቀን ነበረንም አለንም፣ ችግሩ በዓመት አንዴ መሆኑ ነው። ታላቁ ሩጫም ሃዋሳ ሲመጣ እንደዛው ነው፣ ግማሽ ማራቶን ለሯጮቹ፣ 7 ኪሎ ሜትር ለኛ፣ ከተማው ያን ቀን ሌላ ነው ሚመስለው፣ ማግስቱን ግን ቲሸርቱ ፒጃማ ይሆናል። ጥፋቱ የሩጫው አይደለም፣ እሱ ስራውን ሰርቷል፣ ሚቀጥለው 51 ሳምንት የኛ ነው።

ሁሉ ነገር ጥሩ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛው ወር ላይ ከሱዚ ስወርድ እግሬ ወለም አለኝ፣ ኮብልስቶኑ መሀል ክፍተት ነበር፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው ደሞ፣ ሶስት ሳምንት ወጌሻ ቤት ተመላለስኩ፣ ባለቤቴ "51 አመትሽ ነው" ብሎ በየቀኑ አስታወሰኝ፣ እንደረሳሁት ሁሉ። ከዛ በኋላ ህግ አወጣን። በነጠላ ጫማ መዝለል የለም። ጉልበት፣ አጥንት፣ ልብ የሚያመው ሰው አይዘልም፣ ገመድ ያዞራል ወይ ሰኞ ማክሰኞውን ሳይዘል እየተራመደ ያልፋል። ጋሼ እንደዛ ነው ሚያደርጉት፣ አንድ እግራቸውን አንስተው ሁለት ሶስት ሰከንድ ቆመው ከዛ ወደ ቀጣዩ ሳጥን፣ ልጆቹ ክንዳቸው ስር ሆነው ይቆጥሩላቸዋል። የእህቴ ልጅ እንዳለው 65 ላለፈ ሰው ሚዛን መጠበቅ በሳምንት ሶስት ቀን መለማመድ ያስፈልጋል፣ በዛ እድሜ ትልቁ ጠላት መውደቅ ስለሆነ። ለዛ ነው ጋሼ ማክሰኞና ሀሙስም ብቻቸውን ወጥተው የከሰል መስመሩ ላይ ሲራመዱ ማያቸው፣ ማንም ሳያያቸው መስሏቸው።

ሌላው ችግር መንገዱ ነው። ልጆች ሳለን ሜዳ ነበር፣ አሁን ሜዳው ታጥሯል፣ አንዱ ጋ ቤት ተሰርቷል፣ አንዱ ጋ ቆርቆሮ ብቻ ቆሟል፣ የቀረን መንገዱ ነው፣ መንገዱ ደሞ የባጃጅ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ይዘጋልን ብለን ደብዳቤ ጽፈን ወደ አንድ ቢሮ ወሰድን፣ ከዛ ወደ ሌላ ቢሮ ላኩን፣ ሁለተኛው ቢሮ ያለች ልጅ ደብዳቤውን አንብባ ቀና ብላ አየችኝና "ሱዚ ለመጫወት ነው?" አለች፣ አዎ አልኩ፣ "ማነው ሚጫወተው?" አለች፣ እኔ አልኩ። እየሳቀች ማህተም የሌለው ደብዳቤ አንቀበልም አለችኝ። እድራችን ማህተም አለው፣ ግን እድር ለቀብር ነው ለጨዋታ አይደለም ብለው ሽማግሌዎቹ ሁለት ስብሰባ ተከራከሩ፣ የኔ መልስ ለጨዋታ ብታውሉት ለቀብር ምታወጡት ይዘገያል የሚል ነበር፣ ማህተሙን አገኘን፣ ደብዳቤው እስከዛሬ መልስ የለውም።

እስከዚያው መንገዱን ሚዘጋልን ማን መሰላችሁ? ያው ክላክስ ሲነፋብን የነበረው ባጃጅ ነጂ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ሲሆን ባጃጁን የቅያሱ አፍ ላይ አግድም ያቆማታል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ ሁለት ሰዓት ገቢ ይቀርበታል፣ በዛ ሰዓት ደሞ ገበያው ጥሩ ነው። አልፋለሁ የሚል መኪና ከመጣ ይነሳለታል፣ አምቡላንስም ሆነ የሰው እቃ አልተከለከለም። እኛ ደሞ ለሱ ቡናና ቆሎ አለን፣ ቡናውን ቆሞ ነው ሚጠጣው፣ ቁጭ ማለት ሰልችቶኛል ይላል።

ይሄ መንገድ ዘግቶ መጫወት እኛ የፈጠርነው አይደለም። እንግሊዝ ሀገር ብሪስቶል የምትባል ከተማ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ ሁለት ጎረቤታሞች እናቶች የሰፈራቸውን መንገድ ከትምህርት ቤት በኋላ ለጥቂት ሰዓት አዘግተው ልጆቹን አወጡ፣ ከዛ ሌላው ሰፈር እኛስ አለ፣ እየተስፋፋ ብዙ ከተማ ገባ። እኛም ጋ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም መንገድ ለሰው ተብሎ ትልልቅ መንገዶች እሁድ ተዘግተው ሰው በእግሩ በሳይክሉ ወጥቷል፣ ሀሳቡ ወደ ክልል ከተሞችም ሄዷል። ጥሩ ነው፣ ግን ትልቁን አደባባይ ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቶ ኤሮቢክስ ማሰራት አንድ ነገር ነው፣ በራችን ላይ ያለችውን 80 ሜትር ቅያስ መዝጋት ሌላ ነው። እኔ አደባባይ ሄጄ በማይክራፎን አንድ ሁለት ሶስት ሲሉኝ አልዘልም፣ ያቺ አንገቷን ምትደፋው ጎረቤቴም አትሄድም። ከበሯ አምስት እርምጃ ላይ ስለሆነ፣ ሁሉንም ስለምታውቃቸው፣ ወጥ ጥዳ ስለወጣች፣ ሲያርባት ሮጣ ገብታ ስለምትመለስ (እሱም ይቆጠራል!) ነው የወጣችው። የሃዋሳ ከተማ ሰዎች ይሄን ካነበቡ ምጠይቀው ትንሽ ነው፣ በጀት አልፈልግም፣ ቲሸርት አልፈልግም፣ ቅዳሜ ከ10 እስከ 12 የሰፈር ቅያሶች ይዘጋ የሚል አንድ ወረቀት ብቻ፣ ማህተም ያለው። እና ሲቻል ኮብልስቶኑ መሀል ያለችው ክፍተት ትደፈንልን፣ የትኛዋ እንደሆነች አሳያችኋለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ ያውቃታል።

ከናንተ ከጋዜጣው ደሞ ምፈልገው አለ። የጤና አምዱ ላይ ያንን የትሬድሚል ፎቶ ተዉትና በየሳምንቱ አንድ የልጅነት ጨዋታ አውጡ፣ አንባቢ ከየሀገሩ ይጻፍላችሁ፣ ጎንደር ያለው እንዴት ነው ሚጫወተው፣ ሐረር ያለው፣ አርባ ምንጭ ያለው፣ ህጉ ምንድነው፣ ስንት ሰው ይፈልጋል፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው እንዴት ይስተካከላል። እኛ ሰፈር ብቻ ሰኞ ማክሰኞን በአምስት አይነት ህግ ምንጫወት ሰዎች ነን፣ ከየት እንደመጣን በአዘላለላችን ነው ሚታወቀው፣ የአንድ ወር ጭቅጭቅ ይወጣዋል፣ ጋዜጣችሁም ይሸጣል።

ስለ ስኳሬ ለምትጠይቁኝ፣ ድኛለሁ አልልም፣ መድሀኒት አይደለም፣ እዛው ድንበሩ ላይ ነው ግን አልተሻገረም፣ ሀኪሙ ባለፈው ሲያየኝ "ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ፣ "ሱዚ" አልኩት፣ ካርዱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው አላየሁም። ወንበሩም አለ፣ ባጃጁም አለ፣ ድራማውም አለ፣ ቅዳሜ ግን 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን እግሬ ራሱ ይቁነጠነጣል።

አንድ ነገር ልለምን፣ ደብዳቤውን ካወጣችሁት ስሜን አታውጡት፣ አለቃዬ ጋዜጣችሁን ያነባል፣ እግሬ ወለም ባለኝ ጊዜ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ብዬ ነው ፈቃድ የወሰድኩት። የሱን ባለቤት ባለፈው ቅዳሜ ገመድ ውስጥ አይቻታለሁና እሱ ግን ይታረቀኛል ብዬ አስባለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሃዋሳ